ለሐሙስ ስለተቀጠረችልኝ ሁለተኛ መርፌ

ወደ ደብዳቤው ከመግባቴ በፊት ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ብቻ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ፤ ለማንም አታውሩብኝ። ባለፈው ሳምንት ኦዳ መንደር ለቅሶ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ለሟች ታላቅ ወንድም፣ ለአንድ ሽበታም ሽማግሌ፣ እንደ ደንቡ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። ዝቅ ማለቱን አልኩ፤ ቀና ማለቱ ግን እምቢ አለኝ። ወገቤ እዚያው ተቆለፈ። ሽማግሌው ሐዘኔ የጸናብኝ መስሏቸው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ይመርቁኝ ጀመር፤ አልነሣ ስላቸው ምርቃቱን አስረዘሙት። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ደግሞ ምን ያህል ብትወደው ነው እያሉ፣ ጋብ ብሎ የነበረውን ለቅሶ እንደገና አቀጣጠሉት። እውነቱን ልንገራችሁ? ሟቹን አላውቀውም። የሄድኩት ጎረቤቴን ሻምሳን አጅቤ ነው። በመጨረሻ ሻምሳ ብብቴ ሥር ገብታ ከድንኳኑ አወጣችኝና እንደታጠፍኩ ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ጭና ቤቴ አደረሰችኝ።

ይህ ሁሉ የሆነው ወገቤ ዳነ ብዬ ለሰፈሩ ካወጅኩ በኋላ ነው። ደብዳቤውም ስለዚሁ ነው።

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ጃርሶ፣
ከከብት ገበያው በላይ ለሚገኘው የወገብ ሕክምና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ሞያሌ፣ ኬንያ

ከሁሉ አስቀድሞ ለክቡርነትዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎና ከቢሮዎ መስኮት ሥር ለምትቆመው ነጭ መኪናዎ የጸና ጤንነት እመኛለሁ። ለወገብዎ ደግሞ ለብቻው እመኛለሁ፤ ወገብ ጤነኛ ሳለ ማንም አያስታውሰውምና፣ ክቡርነትዎ የእኛን የታማሚዎቹን ወገብ የሚረሱት በዚሁ ምክንያት መሆን አለበት ብዬ በቀና ልቡና ወስጄዋለሁ። እኔ ይህን የምጽፍልዎ በሆዴ ተኝቼ፣ ከደረቴ ሥር ትራስ አድርጌ ነው። መቀመጥ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። ፊደሌ ወደ ግራ ቢያጋድል በንቀት አይደለም፤ የግራ እግሬ ሥራ ነው።

ከታማሚው ብዛት የተነሣ እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉና ጉዳዬን ባጭሩ ላቅርብ። መጋቢት ላይ የሃያ ሊትር ጀሪካን ከመሬት ብድግ ሳደርግ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቷ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዳሌዬ ተነሥቶ እስከ ግራ እግሬ አውራ ጣት የሚወርድ እሳት ተሸክሜ እኖራለሁ። አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ናይሮቢ ድረስ ሄድኩ፤ ተነሺ የተባልኩትን ፎቶ ሁሉ ተነሣሁ። በሁለት አጥንቶቼ መካከል ያለችው ዲስክ ተንሸራታ ነርቬን ረግጣዋለች አሉኝና ቀዶ ጥገና አዘዙልኝ። እኔ ቢላ የምወደው ሽንኩርት ላይ ነው። ተመልሼ መጣሁ። ከአውቶቡሱ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት የእርስዎን ሰሌዳ ነበር፤ «ቢላ የለም፣ ስፌት የለም፣ በአንዲት መርፌ ይፈወሱ» ይላል። ሰሌዳውን ልስመው ነበር፤ አልጎነበስ አልኩ እንጂ።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መጀመሪያ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። መርፌውን የተወጋሁ ቀን ሐኪሙ ወደ አልጋው እያመለከቱ «ላላ» አሉኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ኬንያ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ላላ ማለት በስዋሂሊ ተኚ ማለት መሆኑን የሞያሌ ፍየል ሁሉ ታውቃለች። ፍርሃት ግን ጆሮዬን አገሬ መለሰውና ቃሉን በአማርኛ ሰማሁት። ወገብሽ ላላ፣ አለቀለት ያሉኝ መስሎኝ እንደቆምኩ እንባዬን ለቀቅኩት። ሐኪሙ ደንግጠው «ላላ፣ ላላ» እያሉ ሲደጋግሙ፣ እኔ ደግሞ ስንት ቦታ ነው የላላው እያልኩ ባሰብኝ። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዎና አስተርጓሚዎ ሺፋ ግድግዳ ተደግፋ ትስቅ ነበር። ሳቋን እንደ ሕክምናው አካል ቆጥሬዋለሁ። አንዲት ቃል ሁለት አገር ሲኖራት ምን ልታደርግ እንደምትችል ግን ያን ቀን ልብ ማለት ነበረብኝ።

፪. መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ጠይቄ ነበር። ሐኪሙ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በማልከተለው የሐኪም እንግሊዝኛ ብዙ ተናገሩ፤ እጃቸውን ጨበጡ፣ ፈቱ፣ ጣታቸውን በጣታቸው ተጫኑ። ሺፋ ይህን ሁሉ ሰምታ ወደ እኔ ዞረችና «ያቀልጣል» አለችኝ። ምኑን? የወጣውን። አጥንቴንስ? ነርቬንስ? የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማን ይነግረዋል? «እሱ ያውቃል፣ እትዬ» አለች። ለዚህ ዐዋቂ መድኃኒት ያለኝን አክብሮት መግለጽ እወዳለሁ፤ የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ነገር በሞያሌ መንገድ አጋጥሞኝ አያውቅም።

የሐኪሙን ንግግር ትርጉም ያገኘሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከድንበሩ ማዶ በኢትዮጵያው ሞያሌ መድኃኒት ቤት ካላቸው ከአቶ ወልደ ሥላሴ ነው። ዲስኳ ውስጥ ውኃ እንደጠጣ ስፖንጅ ያበጠ ዝልግልግ ነገር አለ አሉኝ። ኢንዛይም የሚሉት መድኃኒት ውኃውን ይዞ የሚያስቀረውን ነገር ይቆራርጠዋል፤ እብጠቱ ይሟሽሻል፤ ነርቩም ትንፋሽ ያገኛል። አጥንት አይነካም። ይህን ለማስረዳት የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ሻይ አይሞላም። ሺፋ ይህን ብትነግረኝ ኖሮ በየቀኑ አከርካሪዬን እየዳበስኩ አለ ወይስ ቀለጠ እያልኩ ባልባነንኩ ነበር።

፫. መርፌዋ ሠርታለች፤ አልዋሽም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሠርታለች። ጫማዬን ራሴ አሰርኩ። ሻሪፍ ሱቅ ድረስ በእግሬ ሄጄ ሳሙና ገዝቼ፣ በእግሬ ተመለስኩ። የተወጋሁባትን ነጥብ ለማየት የጠየቀችኝን ሴት ሁሉ፣ ያልጠየቀችኝንም፣ ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ አሳየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እግሬን ከአልጋ ሳወርድ እሳቱ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ወደ ማዕከልዎ መጣሁ። ሺፋ ምን ሆነሽ አላለችኝም። ሐኪሙ በወር አንድ ሐሙስ ብቻ ስለሚመጡ በዚያ ቀን አልነበሩም፤ ፎቶዬንም ያየ የለም። አንዲት ካርድ አውጥታ «ሐሙስ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለተኛ መርፌ» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ለቅልጥፍናው አመሰግናለሁ። ጫማ ሰፊው እንኳ ጫማውን ገልበጥ አድርጎ አይቶ ነው የሚቀጥረኝ።

እዚያው ወረፋ ላይ ጎሎ የሚባል የከብት መኪና ሹፌር ተዋወቅሁ፤ እሱ ተቀምጦ፣ እኔ ቆሜ። እሱም እንደ እኔ አንዷን ተወግቷል፤ እሱም እንደ እኔ ሁለተኛዋን ተቀጥሯል፣ ለዚያው ሐሙስ፣ ከእኔ ቀድሞ። «እህቴ፣ የመጀመሪያዋ መንገድ ጠራጊ ናት» አለኝ፤ «አስፋልቱን የምታነጥፈው ሁለተኛዋ ናት።» ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ሳቄን ግማሹ ላይ አቆምኩት፤ ወገብ ያማልና።

፬. አሁን ስለ ወረቀቱ ነው። ከመርፌው በፊት የምንፈርምባት፣ በአንድ ገጿ ስዋሂሊ፣ በሌላው አማርኛ የታተመባት ወረቀት ማለቴ ነው።

ከኦዳው ለቅሶ ማግስት፣ ሻምሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሬን ልታሽልኝ ገባች። ሻምሳ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የስዋሂሊ አስተማሪ ናት፤ አማርኛዋን ከገበያ ነው የለቀመችው፣ ግን ከእኔ ይልቅ ትሳደብበታለች። ወረቀቷን አንሥታ በስዋሂሊው ገጽ ማንበብ ጀመረች፤ እኔ ደግሞ አማርኛውን በቃሌ እልላታለሁ። «ይህች መርፌ ወዲያውኑ ትሰጣለች» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ እጇ እግሬ ላይ ቆመ።

«ማራ ሞጃ ነው የሚለው» አለች። «ማነው ወዲያውኑ ያለው?»

ታዲያ ምን ማለት ነው አልኳት።

«ልጅ ስትጠሪ ከሆነ ቶሎ ማለት ነው። መርፌ ከሆነ አንድ ጊዜ ማለት ነው፣ እቴ። አንድ ጊዜ።»

ወዲያው ለአቶ ወልደ ሥላሴ ደወልኩ። የመድኃኒቱን ስም ከካርዱ ላይ ፊደል በፊደል አነበብኩላቸው። ቆይ ብለው ስልኩን አስቀመጡ፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ይሰማኛል። ተመልሰው ሲመጡ ድምፃቸው የበፊቱ አልነበረም። «አንዴ ነው። በሰው ዕድሜ አንዴ። ሁለተኛ የሚባል የለውም» አሉኝ። ሰውነት መጀመሪያ የገባበትን እንግዳ ነገር መልኩን ይይዛል፤ ዳግመኛ ሲመጣበት ሊነሣበት ይችላል አሉ። ቆዳ ያብጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ደም ግፊት ይወርዳል። በሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ በማን ላይ እንደሚደርስ ግን ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አቶ ጃርሶ፣ ሰሌዳዎ ላይ «በአንዲት መርፌ» ተብሎ የተጻፈው ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር። ለካስ ማስጠንቀቂያ ኖሯል። በማዕከልዎ ውስጥ መድኃኒቱን በትክክል የተረጎመው ሰሌዳ ቀቢው ብቻ ስለሆነ ሽልማት ይገባዋል። የወረቀቷን ተርጓሚ በተመለከተ ግን፣ ይህ ችኩል፣ ይህ ጆሮ እንጂ ዐይን የሌለው ሰው ማን እንደሆነ ስሙ በአደባባይ እንዲገለጽ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሻምሳም ማነው ብላ ጠይቃኝ ነበር። ያን ጊዜ አልመለስኩላትም።

፭. በማግስቱ ማዕከልዎ ድረስ እየተንፏቀቅሁ መጣሁ። ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በመስኮቱ አይቼዎታለሁ፤ ስብሰባው ከስልክዎ ጋር ነበር፣ ደስ የሚል ስብሰባም ይመስላል። ለሺፋ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋት። ካርዱ ተጽፏል አለችኝ። የተጻፈ ካርድ ይሰረዛል አልኳት። ታማሚዎቹ ራሳቸው ናቸው ወረቀቱን ይዘው እየመጡ ወዲያውኑ ይላልና ስጡን የሚሉት አለችኝ። የሐኪሙን ስልክ ለመንኳት፤ ለታማሚ አይሰጥም። የጎሎን ስልክ ግን ሰጠችኝ፤ ይህን ውለታዋን አልረሳም። ስደውል ዝግ ነው። አሁንም ዝግ ነው። መንገድ ላይ ነው፤ በዚያ በረሃ ኔትዎርክ የለም። ሲመለስ በቀጥታ ከመኪናው ወርዶ፣ ከእኔ ቀድሞ፣ እየሳቀ እንደሚገባ ግን አውቃለሁ።

፮. ስድስተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ ቁጥር ግን ከእርስዎ ዝርዝር ተውሼለታለሁ። ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም ካርዱን አልቀደድኩትም። ትራሴ ሥር ነው። ሕመሙ እግሬን ይዞ በአንድ እጁ ሲጠመዝዘኝ፣ ምናልባት አቶ ወልደ ሥላሴ አሮጌ መጽሐፍ አንብበው ይሆናል እላለሁ። ምናልባት እኔ ላይ አይደርስም እላለሁ። አሥራ አንዱን ቀን አስታውሳለሁ፤ ያሰርኩትን ጫማ አስታውሳለሁ። ከዚያ ምራቄን ስውጥ ጉሮሮዬ ጠበብ ያለ ይመስለኝና በጣቴ እዳብሰዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ፣ ገና ያልተወጋሁትን መርፌ ፈርቼ ትንፋሼን የምቆጥር ሴት ሆኛለሁ። ይህን በመጽሔት መጻፍ ያሳፍራል። ግን እኔ ይህን ሁሉ አውቄ ካርዱን ካልቀደድኩት፣ ምንም የማያውቀው ጎሎ ምን ያድርግ?

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ይህ መጽሔት ቅዳሜ ይወጣል፤ ሐኪሙ የሚመጡት ሐሙስ ነው። በመካከሉ ሦስት የሥራ ቀን አለ። ወረቀቷን አንሡ። ሁለተኛ መርፌ የተጻፈባቸውን ካርዶች ሁሉ ሰብስቡ። ሐኪሙ እያንዳንዱን ታማሚ መርፌ ከማንሣታቸው በፊት ተወግተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው በራሳቸው አንደበት ይጠይቁ፤ መልሱንም ሺፋ ሳትሆን ታማሚው ጣቱን አውጥቶ ይንገራቸው። አንድ ጣት በሁሉም ቋንቋ አንድ ጣት ነው። ይህን ማድረግ ከአንድ ስብሰባ በላይ አይፈጅብዎትም፤ ያውም ከስልክዎ ጋር ከሚያደርጉት ያጠረ።

በመጨረሻም ላደረጉልኝ ሁሉ፣ ለአሥራ አንዱ ቀን፣ ለሳቁ፣ ለካርዱ፣ በር ላይ ላቆዩኝ ሰዓት ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰሌዳዎ ቀለሙ አይልቀቅ። ወንበርዎ አይነቃነቅ። በሆዴ የተኛሁ ብሆንም ልቤ ከወገቤ በላይ ዝቅ ብሎ እጅ እንደሚነሣዎ ይወቁልኝ፤ ወገቤ ራሱ እጅ ነሥቶ መነሣት እንደማይችል በኦዳ ተረጋግጧልና ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣

የማዕከልዎ ታማኝ ታማሚ፣
ቢፍቱ ደበላ
ሞያሌ፣ ሐምሌ 2011 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ በቁጥር አራት የጠየቅሁት የተርጓሚው ስም እንዳያደክምዎ እኔው እነግርዎታለሁ፤ ቢፍቱ ደበላ ይባላል። እኔ ነኝ።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ ማዕከልዎ ሊከፈት ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ለነጋዴው የጉምሩክ ወረቀት፣ ለታማሚው የሐኪም ማዘዣ የምተረጉም ሰው መሆኔን ሰምተው ነው። የመጡበት ቦዳ ቦዳ ሞተሩን ሳያጠፋ በሬ ላይ ይንጣጣ ነበር። እርስዎም አልገባም ብለው ከደጃፉ ቆመው «ማራ ሞጃ፣ ማማ፣ ማራ ሞጃ» ይሉኝ ነበር። እኔ ይህን ቃል የተማርኩት ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ነው። በሃያ ዓመቴ፣ የእህል ወረፋ ላይ፣ ዱላ የያዙ ሰዎች ማራ ሞጃ ሲሉን ሩጡ ማለታቸው ነበር፤ ሮጥን። ያ ቃል በእኔ ጆሮ አንድ ጊዜ ማለት ሆኖ አያውቅም። በደጄ እርስዎ ሩጪ አሉኝ፣ በወረቀቱም ላይ ያው ቃል ተጽፏል፤ ወዲያውኑ ብዬ ጻፍኩና ሰጠሁዎት። መልሼ አላነበብኩትም። እርስዎም ለሐኪሙ አላሳዩትም። ከወራት በኋላ እኔው ታምሜ ስመጣ ያቺን ወረቀት ሰጡኝ፤ አማርኛው እንዴት ያምራል ብዬ ፈረምኩባት።

ከእኔ ሌላ ስንት ሰው እንደፈረመባት አላውቅም። የምፈራው ይህን ነው፤ ከጉሮሮዬም በላይ።

አንባቢዎቼ፣ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የማዕከሉ በር ላይ እገኛለሁ። መቀመጥ ስለማልችል መንገድ ለመዝጋት ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። ጎሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፤ ካርዴን እፊቱ እቀድዳለሁ፣ የእሱንም ካርድ እለምነዋለሁ። በዚያ በር ማን እንደገባ፣ ማን እንደተመለሰ፣ አቶ ጃርሶም ከስብሰባቸው ወጥተው እንደሆነ በዚሁ ገጽ ታነቡታላችሁ። እግሬ አሸንፎኝ ካርዱን ሳልቀድ ከገባሁና መጻፍ ካልቻልኩ ደግሞ ሻምሳ ትጽፍላችኋለች። የእሷን ጽሑፍ እመኑት። እሷ ማራ ሞጃን ታውቀዋለች።